ስለምትጠበቀው ብሎን

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ከርማችኋል እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ወንበርዎንም ያጽናልዎ፤ በሕንፃችን ውስጥ ሌላ የጸና ነገር ስለሌለ። እኔ ከአንዲት ብሎን በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በድፍረት ሳይሆን፣ በእጅዎ ልሰጥዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ መሆንዎ ስለተነገረኝ ነው። ብቻዎን ይህን ያህል መሰብሰብዎ ያስመሰግንዎታል።

ወደ ጣሪያው ለማይወጡ ጎረቤቶች ነገሩን ላስረዳ። የጋራችን የጋዝ ግሪል ማዞሪያ አለው፤ ይኸውም ዶሮ የሚሰካበት፣ በሞተር የሚዞር ረጅም ዘንግ ነው። ዘንጉን ከሞተሩ ጋር የምታያይዝ አንዲት ብሎን አለች፤ ሙቀት ሲበዛባት የመላላት ጠባይ አላት። እሷ ከላላች ሞተሩ ብቻውን ይዞራል፤ ዶሮው ግን ባለበት ቆሞ በአንድ ጎኑ ከሰል፣ በሌላው ጥሬ ይሆናል። አቤቱታዬም ከዚህ ይነሣል።

1. የጋዝ ባለሙያው ከጥብስ በፊት ብሎኗ መጥበቅ እንዳለባት በስልክ ነገረዎት። እርስዎም ሥራ የማያሳድሩ ሰው በመሆንዎ በዚያው ቀን በገዛ እጅዎ «ከማንኛውም ጥብስ በፊት ብሎኑ ይጠበቅ» የሚል ማስታወቂያ ጻፉ። «ይጥበቅ» ለማለት እንደነበር ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። ሳድሱ «ጥ» ሳይታወቅ ግዕዙ «ጠ» ሆኖ እንደወጣ በትሕትና ባመለክትዎ፣ ሊቀመንበር አይሳሳትምና፣ ፊደሏን ከማረም ይልቅ ለብሎኗ ዘበኛ ቀጠሩላት። በዓለም ላይ ስንቱ ሰው ጠባቂ አጥቶ ሲኖር የእኛ ብሎን ለዚህ ማዕረግ ስለበቃች ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2. ዘበኛው ግዴታቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ከግሪሉ አጠገብ ወንበር ዘርግተው ብሎኗን ትክ ብለው እያዩ ይውላሉ። ፒንሳ ይዤ ብጠጋ ወሰዱብኝ። ለማጥበቅ ነው ብላቸው «ጋሼ፣ እኔስ ምን እያደረግሁ ይመስልዎታል? እየጠበቅሁ እኮ ነው!» አሉኝ። ሰውየው ልክ ናቸው፤ ማስታወቂያውም ከሳቸው ጋር ነው።

3. የስብ መቀበያው ትሪ አይታጠብም። ዘበኛው የተመደቡት ለብሎን እንጂ ለትሪ አይደለም፤ እኛ እንዳናጥበው ደግሞ ከጥብስ በቀር ለሌላ ጉዳይ ወደ ግሪሉ መጠጋት ክልክል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ግን ቅጠሉም ፈቃድ ሳያስፈልገው አይቀርም።

4. ባለፈው እሑድ ልጄን ለወንድ ልጃቸው የጠየቁት ባልና ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ምሳ መጡ። ባለቤቴ ዶሮውን ከዋዜማው ቀምማ፣ እግርና ክንፉን በሲባጎ አስራ፣ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል መሃል ለመሃል በዘንጉ ሰክታ ሰጠችኝ። እኔም ግሪሉን አቀጣጥዬ ወደ እንግዶቹ ጨዋታ ተመለስኩ፤ ከጣሪያው ስወርድ ሞተሩ ሲያጉረመርም ስለሰማሁ ዶሮው የሚዞር መሰለኝ። ዘበኛው ዶሮው እንደቆመ አይተዋል፤ ነገር ግን ዶሮ እንዲጠብቁ ማንም አላዘዛቸውም።

የልጁ አባት ጨዋ ሰው ስለሆኑ ጥሬውን ጎን እያመሰገኑ በሉ፤ ሌሊቱንም ሆዳቸውን ይዘው አደሩ። እናቱ ሹካቸውን አስቀምጠው ልጄን ምግብ ማብሰል ማን እንዳስተማራት በፈገግታ ጠየቋት። ዶሮውን ያልነካችው ልጄ አንገቷን ደፋች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ለአፍታ ጨዋታውን ልተው፤ አፈርኩ። በገዛ ቤቴ፣ በልጄ ፊት፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን ተብሎ የነበረው ነገር ጭጭ ብሏል። በማግስቱ ደረጃው ላይ ስንገናኝ እርስዎ ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ምሳው እንዴት እንደነበር ጠየቁኝ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብዬ አለፍኩ።

እንግዶቻችን በብዙ ልመና ለሚመጣው እሑድ አንድ ዕድል ሰጥተውናል። ስለዚህ የምለምንዎ ስብሰባ፣ ኮሚቴ ወይም ተጨማሪ ዘበኛ አይደለም፤ በማስታወቂያዎ ላይ አንዲት ጭረት እንዲጨምሩ ብቻ ነው። ሥልጣንዎ በአንዲት ጭረት እንደማይጎድል እኔ እመሰክራለሁ።

ይህን ሁሉ ታግሠው ስላነበቡ፣ ሳያነቡ አልፈውትም ከሆነ ስላለፉበት ግርማ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለክብርዎ የሚጨነቀው፣ ለውለታዎ ወረታ መክፈያ ያጣው፣

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ የልጁ እናት ደወሉ። ምሳው እኛ ዘንድ መሆኑ ቀርቶ እነሱ ቤት እንዲሆን፣ የሠርጉም ቀን እዚያው እንዲቆረጥ ወስነዋል። ልጄን በገዛ ቤቴ አብልቼ የምድርበት ወግ እንዲህ ሆኖ ቀረ። እርስዎም በምሳው ላይ እንዲገኙ ተጠርተዋል፤ እንዲጠሩ የለመነችው ልጄ ናት፣ እኔ የለሁበትም። እሷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንጀቷ አይችልም፤ የሚያሳዝን ሰው ካየች ታዝናለች።