የወርቅ አንጥረኛው ሳቭቫ ክሩግሎቭና ያለ ማኅተም የተሸኘው የሲጋራ መያዣ

ሳቭቫ ኤርሞላዬቪች ክሩግሎቭ ከአባታቸው ከብር ሠሪው ከኤርሞላይ ክሩግሎቭና ከእናታቸው ከፌቭሮኒያ እ.ኤ.አ. በ1854 በቮልጋ ዳር፣ በኮስትሮማ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከመንደራቸው ቄስ ዘንድ ሲሆን፣ መዶሻ የጨበጡት ግን ከዚያም በፊት ነበር።

በወጣትነታቸው ዛሬ ፔትሮግራድ ወደምትባለው ፒተርስበርግ መጥተው በወርቅ አንጥረኛ ቤት ሙያውን ተማሩ፤ በ1883 የራሳቸውን ቤት ከፍተው በሥራዎቻቸው ላይ የሚመታ የስማቸውን ማኅተም አስቀረጹ። ከእጃቸው የወጡት የወርቅ የሲጋራ መያዣዎች በመኳንንቱ ኪስ ኖረዋል። እርሳቸው ግን ትምባሆ ቀምሰው አያውቁም፤ ጢሱ ራሱ ያስነጥሳቸው ነበር። ሠራተኞቻቸው ሠርተው ሲያቀርቡ የክዳኑን ማጠፊያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳስሱታል። ጥፍራቸውን ያዝ ካደረገ ማኅተማቸው አያርፍበትም። በዚህ ጉዳይ ፊት አይተው አያዳሉም ነበር።

በ1885 ወይዘሮ ኡስቲኒያን አግብተው ግላፊራንና ሮዲዮንን ወለዱ። ሮዲዮን የአባቱን ሙያ ያዘ። በ1914 ለጦርነት ሲጠራ የመጀመሪያውን የብር መያዣ ጨርሶ ነበርና፣ በመሄጃው ዋዜማ ለማኅተም አቀረበላቸው። ማጠፊያው ጥፍራቸውን ያዝ አደረገ።

«አባባ፣ ሲጋራ ጥፍር የለው፤ ምን አስጨነቀዎት?» አለ እየሳቀ።

«ማኅተም ለፍቅር ተብሎ አይመታም። ስትመለስ አስተካክለው፤ ያኔ እመታልሃለሁ» አሉት። ሮዲዮንም መያዣውን ያለ ማኅተም ይዞ ዘመተ።

ሮዲዮን በዓመቱ በጋሊሺያ ግንባር ወደቀ። መያዣውን ጓደኛው አመጣው። ወይዘሮ ኡስቲኒያ «ምን ነበረበት ያን ቀን ቢመቱለት?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። ሳቭቫ ኤርሞላዬቪችን ከያዛቸው የሳንባ ሕመም ይልቅ ይህ ጸጸት በላቸው።

ባለፈው ሳምንት አልጋ ላይ እንዳሉ ማኅተማቸውንና የሮዲዮንን መያዣ አስመጡ። ሠራተኞቻቸው መጀመሪያ ማጠፊያውን እናቃናው ቢሏቸው፣ «የልጄን እጅ እንዳትነኩብኝ!» ብለው ተቆጡ። ግላፊራ መያዣውን ስትደግፍላቸው መቱት። ማኅተሙ ተንጋዶ ወጣ። በዕድሜያቸው ሙሉ አንጋደው የመቱት ማኅተም ይኸው ብቻ ነው።

ሳቭቫ ኤርሞላዬቪች በጥቅምት ወር 1916 በተወለዱ በ62 ዓመታቸው በፔትሮግራድ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኡስቲኒያ፣ ልጃቸው ግላፊራና ሠራተኞቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። የሮዲዮን መቃብር የት እንደሆነ አናውቅምና፣ መያዣው ዛሬ በአባቱ ደረት ላይ ሆኖ አብሮ ይቀበራል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያኑርልን፤ ልጃቸውም ደጅ ወጥቶ ይቀበላቸው።