ውድቅ የተደረጉት ሦስት ሌሊቶች

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«በእርስዎ የተላኩት አራት የምልከታ ውጤቶች ተመርምረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ከሚጠበቀው ጊዜ ጋር ስለማይጣጣሙና የሰዓት አያያዛቸው የማይታመን ስለሆነ ውድቅ ተደርገዋል። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

ደብዳቤውን ቃል በቃል ገለበጥኩት። ቁጥር የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። የማይታመን! ሃያ ስምንት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ፣ ተማሪ ሁለት ደቂቃ ሲያረፍድ በር የምዘጋ ሰው ነኝ።

ንዴት ስለሚያስረሳ ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው። አንድ ሩቅ ኮከብ አለ። በዙሪያው አንዲት ፕላኔት ትዞራለች። ፕላኔቷን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ግን በየዘጠኝ ቀኑ ገደማ በኮከቡ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ መጠን ይቀንሳል፣ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶም ይመለሳል። የእኔ ሥራ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ገበሬው ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ባቆምኳት ትንሽ ቴሌስኮፕ ይህን እየቀረጽኩ የመቀነሱን መሃል ሰዓት መዝግቤ መላክ ነው። በሌሎች አገሮችም እንደኔ ያሉ ተመልካቾች አሉ። የእኛን የሚሰበስበው ጉርድ ሾላ ያለው ቢሮ ነው። ክፍያ የለውም፣ አልጠየቅኩምም። የሚፈለገው የፕላኔቷ ጨረቃ ነው። ጨረቃ ካለቻት ፕላኔቷ አንዳንዴ በጥቂት ደቂቃ ትቀድማለች፣ አንዳንዴ ትዘገያለች። ስለዚህ የዚህ ሥራ ነፍሱ ሰዓት ነው። የነኩብኝም እሱን ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አራተኛ ፔሬድ እንዳለቀ ጉርድ ሾላ ሄድኩ። አስተባባሪው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ያገኘሁት የመረጃ ሠራተኛዋን ማህሌትን ነው። ትሑት ልጅ ናት፣ ወንበር ሳበችልኝ። ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ለሄድኩት ሰው ይህም አንድ እንቅፋት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ያስገባሁት ቅጹ ላይ ያለውን ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም» አለች።

ሰንጠረዡን አሳዪኝ አልኳት። የመስከረም 28ቱ አረንጓዴ ነው፤ የጥቅምት 7፣ 16 እና 25 ቀይ ናቸው። ያው ሰው፣ ያው ቴሌስኮፕ፣ ያው ቅጽ። አንዱ የሚታመነው፣ ሦስቱ የማይታመኑት በምን ሒሳብ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሲስተሙ ነው ያቀላው አለች። ሲስተም አፍ የለው፣ ምን ብዬ ልጠይቀው?

ስወጣ ልታጽናናኝ ፈልጋ አንድ ነገር ነገረችኝ። የመስከረሟን ሁሉም ወዷታል። ፕላኔቷ አራት ደቂቃ ዘግይታ የታየችው በእሷ ነው፤ ጨረቃ ሳትኖር አትቀርም ለሚለው ሪፖርት ትልቁ ማስረጃ እሷ ናት። ሪፖርቱ ኅዳር 25 ይላካል።

ሳልወድ ደስ አለኝ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል አጠገቤ ያለችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሦስቱን ሌሊቶች ከሥር አስልቼ ደገምኩ። ምስሎቹ ደህና ናቸው። የብርሃኑ መጠን ደህና ነው። መሃል ሰዓቱ ደህና ነው። እንዲያውም ሦስቱም ፕላኔቷ በቀጠሮዋ እንደመጣች ይናገራሉ፤ ያለ አንድ ደቂቃ ልዩነት። ታዲያ ምኑ ነው ያልተጣጣመው?

ጽጌ ከሾላ ገበያ ሽንኩርትና ምስር አምጣ ብላኝ ምስሩን ብቻ ይዤ ገባሁ። አልተቆጣችም። የምትጨቃጨቁባት ጨረቃ ምን ታደርጋለች ብላ ጠየቀችኝ፤ ባለቤቴ በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ ይህ ምናልባት ሦስተኛዋ ነው። ፕላኔቷን ወዲያና ወዲህ ትጎትታታለች አልኳት።

«ልጅ በእጇ ይዛ እንደምትሄድ እናት በለኛ። በሰዓቷ ደርሳ አታውቅም።»

ከዚህ የተሻለ አስረድቼ አላውቅም። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ተገኘ።

ከሰዓት በኋላ ቴሌስኮፑን ልፈትሽ ወደ ላይ ወጣሁ። ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ድሮ ገብስ ይዘሩበት የነበረው ዳገት ዛሬ ቤት በቅሎበታል፤ የቀራቸው ግቢውና ስድስት በግ ነው። አሁን አምስት ሆነዋል። ጅብ አንዱን ወስዶባቸው ወረዳ ሊያመለክቱ ሄደው ነበር።

«ጸሐፊዋ መቼ አለችኝ። ረቡዕ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ አልኳት። ሐሙስ ብላ ጻፈች። ልጄ፣ ረቡዕ ማታ በረት ያስገባሁት በግ ነው፣ ሳይነጋ ሐሙስ ከየት መጣ ብላት፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ ሐሙስ ነው አለችኝ። መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ጅቡን ጠይቀው።»

እየሳቅኩ ሳለ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የቀዳሁትን ሰንጠረዥ አወጣሁ።

ቅጹ «ቀንና ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር» ይላል። እኔም ጥቅምት 16፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ5 ብዬ ሞላሁ፤ ሌሊቱ የጥቅምት 16 ሌሊት ነውና። ለ17 አጥቢያ ማለት ነው። እነሱ ሰዓቱን በትክክል ወደ ፈረንጅ ቀየሩት፣ ቀኑን ግን ኦክቶበር 26 ብለው ተዉት። እኩለ ሌሊት አልፏል፤ 27 መሆን ነበረበት። ሦስቱንም ሌሊቶች ድፍን አንድ ቀን ወደ ኋላ ወስደዋቸዋል። የመስከረሟ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስለሆነች ብቻ ተረፈች።

ይህ እንዳይመጣም በእያንዳንዱ ቅጽ ጀርባ በጉልህ ጽፌ ነበር፦ «ቀኑ ምልከታው የጀመረበት ምሽት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላለው በፈረንጁ አንድ ቀን ይጨመር።»

ኦቦ ቶሎሳ በጉ ይከፈለኝ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። አይመስለኝም አልኳቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ለማህሌት ደወልኩ። የቅጹን ጀርባ አይተሽዋል ወይ አልኳት።

«ጋሼ፣ ስካነሩ የፊቱን ብቻ ነው የሚያነሳው። እውነቱን ለመናገር ገልብጬ አላየሁትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅርታዋን ተቀበልኩ። እሷ ቅን ናት። ወረቀት የማይገለብጥ ቢሮ ግን የማንንም ሰዓት የማይታመን ሊል አይገባውም ነበር።

እስከ ምሳ ድረስ አሸናፊ ነበርኩ።

ከምሳ በኋላ ለአቤቱታዬ አባሪ ላዘጋጅ የግል ደብተሬን ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ ምልከታ በፊት የላፕቶፑን ሰዓት ከትክክለኛው ጋር አመሳክሬ ልዩነቱን እጽፋለሁ። ጥቅምት 7፦ «ላፕቶፑ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይቀድማል፣ ተስተካክሏል።» ጥቅምት 16፦ ደህና። ጥቅምት 25፦ ደህና። መስከረም 28 ላይ ምንም የለም።

ገጹን ሦስት ጊዜ አየሁት። ምንም። የዚያን ምሽት ደመናው ዘግይቶ ስለተገለጠ ተቻኩዬ ነበር። ቅጹ ላይ ግን «ሰዓት ተረጋግጧል» የሚለው ሳጥን ውስጥ በእጄ ምልክት አድርጌያለሁ። ከልማድ። ሳላረጋግጥ።

ስለዚህ አራት ደቂቃ የዘገየችው ፕላኔቷ አይደለችም። የቀደመው እስከ ጥቅምት 7 ያልተስተካከለው የእኔ ላፕቶፕ ነው። የጣሏቸው ሦስቱ እውነተኞች ናቸው፣ ያነገሷት አንዷ የተበላሸችው ናት፤ ያበላሸኋትም እኔ ነኝ። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አስተባባሪው ስልክ አነሳ። የቀኑን ስህተት አስረዳሁት፤ በቀላሉ ተቀበለ። ሦስቱን በሚቀጥለው ዙር እናያቸዋለን አለ።

«አንዷ ገብታለች፣ ስምዎም ሪፖርቱ ላይ አለ። ምን ጎደለ መምህር?»

የሰዓቱን ነገር ነገርኩት። ለመናገር ከባድ ነበር፤ ድምፄ እንደ ተከሳሽ ሆነብኝ። «ተረጋግጧል ብለው ምልክት አድርገዋል እኮ። እኛ የምናውቀው ቅጹን ነው» አለ። ግማሹን ብቻ ያነበቡትን ቅጽ! ሪፖርቱ ተጽፎ አልቋል፣ አሁን መነካካት ሁላችንንም ያስገምታል አለና ደህና ዋሉ ብሎ ዘጋ።

ጽጌ ከወጥ ቤት ትሰማ ነበር። «ጨረቃዋን አምጥተህ አንተው ልትወስዳት ነው?»

መኖሯን አላውቅም አልኳት። የማውቀው እኔ እንዳላየኋት ነው። ብተወው ማንም አይጠይቀኝም፤ ስሜም ከነምስጋናው ይወጣል። አንድ ቀን ሌላ አገር ያለ ሰው ያቺን ጨረቃ ሲፈልግ ሌሊቶቹን ይጨርሳል። የሱ ሌሊትም ሌሊት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሰፈራችን መሪ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም። ደብዳቤውን በእጄ ጻፍኩት። አራት ጊዜ ቀደድኩ። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፣ ግን ስድብ ነበረበት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

በሁለት ቅጂ አስገብቼ በእኔ ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተም አስመታሁ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ማኅተሙ ጠፍቶባት ሃያ ደቂቃ ፈለገች፤ ቆሜ ጠበቅኳት። አስተባባሪው በኮሪደሩ ሲያልፍ አየኝ፣ ሰላም አላለኝም። መልስ ይሰጡኝ ይሆን? አላውቅም። የደብዳቤው መጨረሻ ይህ ነው፦

«…ስለዚህ የጥቅምት 7፣ 16 እና 25 ምልከታዎቼ ቀናቸው ተስተካክሎ ወደ ሰንጠረዡ እንዲመለሱ፤ የመስከረም 28 ምልከታዬ ሰዓቱ ያልተረጋገጠ ስለሆነና ጥፋቱም የራሴ ስለሆነ ከሪፖርቱ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ አራቱንም አውጡ፣ ስሜንም ሰርዙ። ‹የማይታመን› የሚለውን ቃል ግን ለየትኛው ሌሊት እንደምታቆዩትና ለየትኛው እንደምታነሱት ለይታችሁ እንድትገልጹልኝ እፈልጋለሁ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ከነፊርማውና ከነማኅተሙ፣ እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ።»