ምራቅሽን ከመስጠትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

ጉዳይ አስፈጻሚው «ፋይላችሁ ተቀባይነት አገኘ» ብሎ ሲደውልልኝ፣ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደጨፈርኩ ብታዪ! አንድ አንሶላ ካውያው ሥር ነደደብኝ። ሴቶቹ «አበደች» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ ዓይኔ ይርገበገባል፤ ደስታ ነው ብዬ ተውኩት።

እኔማ መጀመሪያ ላይ ለዘለቄታው ውጭ አገር አንቺ ጋ የምኖርበት መንገድ የለም ብዬ ነበር። ሰውዬው ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ። «በሥራ እንዳንል ዕድሜዎ አለፈ፤ በትምህርት እንዳንል አሥራ ሁለተኛ ላይ ቆመዋል።»

«በጋብቻስ?» አልኩት።

«ባል ካገኙ ለእኔም ሚስት ይፈልጉልኝ! ልጅ እናቷን ስትወስድ ግን ማን ይከለክላል?»

ሐሙስ ለምርመራ ተጠራሁ። ለሳንባ ነቀርሳ መስሎኝ አፌን ከፍቼ ጉንጬን በጥጥ አስጠረግሁ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ፖስታውን አሽጋ እየፈረመችበት፣ «ሰኞ ልጅዎም እዚያ ምራቋን ትሰጣለች፤ እናትና ልጅ መሆናችሁ ይረጋገጣል። ደም አይዋሽም፣ እትዬ!» አለችኝ።

አብሬያት ሳቅሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን «ፖስታውን መልሺልኝ» ልላት ዞሬ ነበር።

ልጄ፣ ፎቶዋ ሳሎን የተሰቀለው፣ «አክስትሽ» የምልሽ ታናሽ እህቴ፣ የወለደችሽ እሷ ናት። በስድስተኛው ቀን አረፈች። ልደትሽን ላስመዘግብ ስሄድ ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል «የእናት ስም?» አለኝ። አንቺ እቅፌ ውስጥ ጡቴን እየፈለግሽ ታለቅሻለሽ። የራሴን ስም ሰጠሁት፤ ማታለል አልመሰለኝም። ስታድጊ እነግርሻለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል፣ በሳቅሽ ቁጥር የእሷ ጉንጭ ሲሰረጉድ እያየሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ይመለስብኛል።

ትናንት ጉዳይ አስፈጻሚውን «አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ ገጥሟት» ብዬ ጠየቅሁት። ያ ቀልደኛ አልሳቀም። «እናትየዋ መቅረቷ ቀላል ነው። ልጅቱ ግን በሐሰት አመልክታለች ተብሎ የራሷም መኖሪያ ፈቃድ ይመረመራል። ጎረቤትዎ ከሰኞ በፊት ማመልከቻውን ታሰርዝ» አለኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ፎቶ አንስቼ አሁኑኑ እልክልሻለሁ።

ሰኞ እንዳትሄጂ። ማመልከቻውን ሰርዢው። ያንቺ ቤት ከሚፈርስ የእኔ መምጣት ይቅር፤ እኔ እዚሁ አንሶላዬን እየተኮስኩ እኖራለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ግን ደውዪልኝ። ብትቆጪ አይፈረድብሽም። ብቻ መጀመሪያ «እማዬ» በይኝና፣ ከዚያ ተቆጪኝ።

ያሳደገችሽ