የባልዶሜሮ ወንበር

ያኪማ ሸለቆ፣ ዋሽንግተን
እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ለምወድሽ ባለቤቴ ለኤርሜሊንዳ፣

እንደምን አለሽልኝ? ይህን ደብዳቤ ማንንም ሳላስቸግር፣ በገዛ እጄ፣ በአንድ ቁጭታ፣ አንዲት ቃል ሳልሰርዝ ጻፍኩልሽ። የዚህ ሸለቆ ፖም ለቃሚ ሁሉ ቢሰለፍ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ አይገኝም። እሺ፣ በአንድ ቁጭታ ያልኩትን ተይው። የሰረዝኩባቸው ወረቀቶችም ፍራሼ ሥር ናቸው፤ ፍራሹ ከፍ ብሏል። በገዛ እጄ የሚለው ግን እንዳለ ነው። መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ ካየሽ፣ መሰላል የለመደ እጅ ስለሆነ ነው።

ስልኬን አላነሳ በማለትሽ አልፈርድብሽም። ወንድምሽ ባልዶሜሮ ለእናታችሁ ሙት ዓመት አልመጣም ማለቱን ነግረሽኝ ምክንያቱን ስትጠይቂኝ፣ «ቀይ ፖም አግብቶ ነው፣ አልለቀው አለች» ብዬ ሳቅኩ። አንቺ አልሳቅሽም። በስልክ ሲሆን አፌ ይቀድመኛል። ወረቀት ላይ ግን ቀልዱን ጽፌ እስክጨርስ ለራሴም አያስቀኝም። ስለዚህ እውነቱን እዚሁ ልንገርሽ። ወንድምሽን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ማታ ማታ ሥራ አለን እያልን የምንጠፋው ማንበብና መጻፍ ልንማር ትምህርት ቤት ነበር፣ ሁለታችንም። እኔ የምማረው አንቺን ላስደንቅ ብዬ ነው። ባልዶሜሮ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ከገና በፊት አገር ገብቶ፣ ልጅ ሆኖ «ደንቆሮው» እያለ ባሳደገው ሰው ሁሉ ፊት፣ በእናታችሁ ሙት ዓመት ቅዳሴ ላይ ቆሞ ምንባቡን ሊያነብ ነበር። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ለማንም አትንገር ብሎኛል።

የሚያስተምሩን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው። ከዚህም ከጎረቤት ከተሞችም ተሰባስበው፣ እንደኛ ስፓኒሽ ለሚናገር ሰው ብለው ማኅበር አቁመዋል። ሰዉ ቤተ መጻሕፍቱን እንደ ፍርድ ቤት ይፈራዋል፤ «ያስከፍሉናል፣ የመኖሪያ ፈቃድ አምጡ ይሉናል» ይላል። ስለዚህ እነሱ ራሳቸው መጽሐፉን በሳጥን ተሸክመው ሰዉ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ፖም ማሸጊያው በር፣ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ላውንደሪ። ልብሱ እስኪታጠብ ሎቴሪያ ያጫውታሉ፤ ያንን በገና ሰሞን እናትሽ ደጅ የምንጫወተውን፣ ጠሪው ካርድ እያወጣ ሲጠራ ካርቶናችን ላይ ያለውን ሥዕል በቦሎቄ የምንሸፍነውን። ያሸነፈ መጽሐፍ ይወስዳል።

ካርድ ጠሪ ሲፈልጉ ከእኔ ሌላ ማን ይገኛል? መቼም ታውቂዋለሽ፣ ጥሩ ጠሪ የካርዱን ስም ዝም ብሎ አይጠራም፤ መጀመሪያ በግጥም ይነካካዋል። እኔ ስጠራ ማጠቢያ ማሽኖቹ ሳይቀሩ ዝም ይላሉ። ዝም የሚሉት አጥበው ሲጨርሱ ነው፤ ቢሆንም።

በቼሪ ለቀማ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ፣ የሰው እጅ የተሣለባት ካርድ ወጣችልኝ። ባልዶሜሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እኔም አፌን ከፈትኩ፦

መሰላል ላይ ጀግና፣ ለቀማ ላይ ነብር ናት፣
እርሳስ ሲያቀብሏት ብርድ ብርድ አላት፣
የባልዶሜሮ ናት፣ ኑና ጨብጧት።

ላውንደሪው በሳቅ ተናጋ። «ባልዶሜሮ፣ እስቲ እጅህን አሳየን» አለ አንዱ። «ተወው፣ ብርድ ይመታዋል፤ ጓንት ስጡት» አለ ሌላው። ባልዶሜሮ ቦሎቄውን ከካርቶኑ ላይ አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ሳህኑ መለሰ። ከዚያ ልብሱን ከማሽኑ እንደ ረጠበ አወጣና ተሸክሞ ሄደ። ውሃው እስከ በሩ ድረስ እየተንጠባጠበ ተከተለው።

ያን ጊዜ እኮ እኔም ስሜን በወጉ አልጽፍም ነበር። ክፍል ውስጥ የምቀመጠው ከጎኑ ነው። ሰው ወደ እሱ ካየ ወደ እኔ አያይም ብዬ ነው፤ ብፈልግ ብፈልግ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

የማኅበሩ መሪ መምህርት ግራሲዬላ ሳጥኖቹን መኪና ላይ እየጫኑ ጠሩኝ።

«ዶን ፊዴንሲዮ፣ ክረምቱን ሙሉ ሰዉን ምን ስንለው እንደከረምን ያውቃሉ?»

«ኑ ስትሉት ነዋ።»

«አይደለም። እኛ ዘንድ ማንም አይስቅባችሁም ስንለው ነው የከረምነው።»

ሳጥን ላግዛቸው እጄን ብዘረጋ፣ «ይተዉት፣ ይከብድዎታል» አሉኝ። በቀጣዩ ትምህርት የባልዶሜሮ ወንበር ባዶ ሆነ። እዚያ የሳቁም የተሳቀባቸው የመሰላቸውም ቀሩ፤ ክፍሉ ሳሳ።

ባልዶሜሮ አብረን ከምንኖርበት ቤት ወጥቶ ከወንዙ ማዶ፣ የፖም እርሻው ባለቤት ለሠራተኛ የሠራው ቤት ገባ። ሄጄ ለምኜዋለሁ፤ ይህንን እወቂልኝ።

«አማቼ፣ ና ወደ ቤት።»

«እዚህ ይሻለኛል። ግድግዳው አይቀልድም።»

«እሺ ቤቱን ተወው፣ ትምህርቱን ግን…»

«አንተ ተማር። እኔ አውራ ጣቴ ይበቃኛል። ለእናቴም ቄሱ ያንብቡላት።»

በሩን በኃይል አልዘጋውም። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ወርውሮ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ወር የምስክር ወረቀቴን ወሰድኩ። ፎቶ ሲያነሱን ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር መምህርት ግራሲዬላ ከቦታው አላስነሱም፤ ፎቶው ላይ አብሮኝ አለ። አልላክሁልሽም።

እንደገና ጠሪ ሊያደርጉኝ አልፈለጉም። ሲጠራ የከረመው ከጎረቤት ከተማ የሚመጣ የማኅበሩ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን «እንቁራሪት» ሲል እንኳ ቀብር የሚያስታውቅ ነው የሚመስለው። «አንድ ቀን ብቻ ስጡኝ፤ ያበላሸኋት ካርድ አለች» ብዬ ለመንኳቸው። ባለፈው ሐሙስ ሰጡኝ። ካርዱን በወዝኩ። ፀሐይ ወጣች፣ ዶሮ ወጣች፣ እጅ አልወጣ አለች። በመጨረሻ ስትመጣ ከፍ አድርጌ ያዝኳትና ጠራሁ፦

ጌታዋ ለፍላፊ፣ እሷ ግን ዱዳ ናት፣
ፈርሚ በተባለች ቁጥር ቀለም የሚቀቧት፣
የኔው የፊዴንሲዮ፣ ኑና ሳቁባት።

ማንም አልሳቀም። ማሽን ብቻ ይዞራል። የበቆሎ ታማሌ የሚሸጡት አሮጊት ዶኛ ኤውፍሮሲና መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተም? ያን ያህል ስትለፈልፍ እኮ ጠበቃ ነበር የምትመስለኝ።» «እማማ፣ ጠበቃም እኮ አይጽፍም፤ ያስጽፋል» አልኳቸው። ያን ጊዜ ሳቁ፤ በእኔ ነው የሳቁት። እኔም ከባልዶሜሮ ጎን እቀመጥ እንደነበር፣ ከእሱ ይልቅ ብዙ የምሳሳተው እኔ እንደነበርኩ ለሁሉም ተናገርኩ። ቆይተው ዶኛ ኤውፍሮሲና ወደ መምህርት ግራሲዬላ ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ «እዚያ ክፍላችሁ ባዶ ወንበር አለ?» ሲሉ ሰማኋቸው። አለ አሏቸው። የባልዶሜሮን ግን አልሰጧቸውም።

ካርዱን ሰብስቤ ቀና ስል፣ ባልዶሜሮ በሩ ላይ ቆሟል። የቆሸሸ ልብሱን በትራስ ጨርቅ ቋጥሮ ይዟል። አልተጠጋኝም። ግን ሳቀ፤ ያቺን ጥርሱን በእጁ ሸፍኖ የሚስቃትን ሳቅ። ስለዚህ አይዞሽ፣ ሳይመጣ አይቀርም።

እዚህ ላይ ላብቃ። የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ትጠብቅሽ። ጣሪያሽ አያፍስስብሽ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፤ ለእናትሽ የምታበሪው ሻማ ነፋስ አይንካው። በእኔ ላይ ያለሽ ቂም ከልብሽ ይውጣ፤ ቶሎ ባይወጣም አልከራከርም።

ባልሽ
ፊዴንሲዮ
(ይኼ ፊርማዬ ነው፤ ጣት አይደለም።)

ደብዳቤውን አጥፌ ከፖስታው ከከተትኩት በኋላ መልሼ አወጣሁት። ባልዶሜሮ በሩ ላይ አልነበረም። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ካርድ ባነሳሁ ቁጥር በሩን እመለከት ነበር፤ የገባው ግን ልብስ የያዘ ሌላ ሰው ብቻ ነው። እኔ ስደውልለት እንዳንቺው አያነሳም። አንቺ ደውዪለት፤ ያቺን ግጥም ንገሪው፣ ሁለተኛዋን። ስለ በሩ የጻፍኩትን ልሰርዘው እርሳሱን አንስቼ ነበር። ግን በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ ወንድምሽ የሚስቅበት ቦታ እሱ ብቻ ሆነብኝ።