አባትሽ ከሥዕሉ ያላወጣት መርከብ

ለምወድሽ ልጄ ለኼርትዬ፤ ባሕር ማዶ ባታቪያ ያለውን ቤትሽን አምላክ በጤና ይሙላልሽ። እኛ ዛሬ ደስታ በደስታ ነን። ባለፈው እንደጻፍኩልሽ፣ ወንድምሽ፣ ሲወርት፣ የተሳፈረባት የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ከማዕበሉ ወዲህ ጠፍታ ከርማ ነበር። አባትሽ ግን የከተማችንን የቭላርዲንገንን ወደብ በውሃ ቀለም ሲሥል፣ እሷንም ሸራዋን ዘርግታ ስትገባ አድርጎ ሣላት። ገመድ ሻጩ ክራይን፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሰጠመች መርከብ ትሥላለህ እንዴ? አውጣት!» አለው።

«ዘገየች እንጂ አልሰጠመችም» አለ አባትሽ።

ትናንት የሸራዋ ምሰሶ ተሰብሮ፣ ከሰዎቿ ግን አንድም ሳይጎድል ገባች! ደወሉ ተደወለ፤ ክራይን ራሱ ባርኔጣውን ወርውሮ ጮኸ። ወንድምሽ ሥዕሉን ሲያይ፣ «አባዬ፣ ምሰሶዋን ማን ጠገነልን?» ብሎ ሳቀ። ይሄኔ አባትሽ ያን ሁሉ ጊዜ አምቆ የያዘውን እንባ ለቀቀው።

ልጄ፣ ከወባ ተጠንቀቂ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። አደራ፣ ለወንድምሽ ሁለት መስመር ጻፊለት፤ «እህቴ ሞተ ብላ አልቅሳልኛለች ወይስ የለም?» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጥቶኛል።

እናትሽ አልድያ