ለመስመጥ የተሰፋ ቀሚስ

ይድረስ ለማትጽፍልኝ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ከጉልበቷ በቀር አልታመመችም። ዝምታሽ እንዳስቀየመኝ ግን ሳልነግርሽ አላልፍም።

እኔን ሥራ ፋታ ነስቶኛል። ያቺ የዛሬ አርባ ዓመት እኛን ይዛ የሰመጠችው መርከብ ታሪኳ በፊልም እየተሠራ ነው፤ አልባሳቱን የምሰፋው እኔ ነኝ። ብታዪው ትስቂ ነበር። የፊልሙ መርከብ ግማሽ ናት፤ ጀርባዋ ጣውላና ሚስማር ብቻ። ባሕሩ መጋዘን ውስጥ ያለ ገንዳ ነው። ተዋንያኑ እንዳይታመሙ ውሃው ይሞቅላቸዋል፣ እነሱም ላብ እያጠመቃቸው በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ቀሚስ እንዳይንሳፈፍ ጠርዙ ውስጥ ብረት እሰፋለሁ። ቀረጻው በተደገመ ቁጥር ደረቅ ልብስ ስለሚፈለግ፣ የአንዲት ሕፃን ቀሚስ ብቻ አሥራ ሁለት ሰፋሁ።

እማዬ ትይልኝ ብዬ ይዣት ሄድኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ! ያን ቀን የሚቀረጸው፣ እናትየዋ ሁለት ልጆቿን ይዛ ስትዋኝ ማዕበሉ ታናሺቱን ሲነጥቃት ነበር። እኔን እንደነጠቀኝ፣ ዓሣ አጥማጆችም እንዳገኙኝ፣ እማዬ ስትነግረን እንዳደግነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተቀረጸ፤ ዳይሬክተሩን አልጥመው አለ። ያኔ እማዬ ከወንበሯ ተነስታ እንዲህ አይደለም አለችው። ውሃው ማንንም አልነጠቀም፤ ሁለቱን ይዛ እንደማትደርስ ስታውቅ ጣቶቿን ራሷ ፈታች ብላ፣ በእጇ አሳየችው።

ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት ግንባሯን ሳማት። አሥራ ሁለተኛውን ቀሚስ ለሕፃኗ ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ ቁልፉ አልገባ ብሎኝ ሰው ረዳኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ ሰምተሽኛል ወይ አለችኝ። ማዕበሉን የሚያስነሳው ሞተር እየጮኸ ምን ይሰማል አልኳት። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አይዞርም፤ የምትጠይቀኝም ስለ አንቺ ብቻ ነው።

እህቴ፣ ልጆች ሳለን አዲሱ ልብስ ለእኔ፣ ቁጣው ለአንቺ ነበር፤ አልክድም። አዳላች ብለሽ ስንት ዓመት ደጇን ሳትረግጪ ቀረሽ። እኔም አብልጣ ስለምትወደኝ ይመስለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ ግን አልተቀየምኳትም፤ እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር? እባክሽ ነይና እያት። ያን ቀን ያልለቀቀችው አንቺን ነው።

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፤ ልጆችሽን ክፉ አይንካብሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው፤ እማዬ እንዳታየው።

ታናሽሽ