ግድግዳ የሌለው ቤት በር

ኅዳር 12፣ ቅ/ሚካኤል፣ ማለዳ
ጸሎት አደረስኩ። በጎቹን ለጎረቤት አስረከብኩ። ጋቢዬ ታጥቧል፣ አልደረቀም። ደብተሬ፣ እውነት ሊሆን ነው፤ ጃፓን! ባሕር ወጥቶ ያጠፋውን አገር እንዴት መልሰው እንደሚያቀኑት ለማየት። መሬት ከተንሸራተተባቸው ቀበሌዎች አንዳንድ ሰው ተመረጠ። ከመንዝ፣ ከቀየት በታች፣ እኔ፤ ከመርሐቤቴ አቶ ደምሴ።

ልጄ ብርቄ ስንቄን ትቋጥራለች። ቅር እንዳላት አውቃለሁ። ከቤታችን ጀርባ መሬቱ ክረምቱን ተሰንጥቋል። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ላይኛው ሜዳ ወጥቷል፤ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ከሚመጣው ሰኔ በፊት ካልወጣን ልጆቿን ይዛ ትታኝ ልትሄድ ነው። እንዴት ልውጣ? መደቡን የለቀለቀችው ሟች እናቷ ናት። የጣቶቿ ፈለግ አሁንም ይታያል። ስመለስ ቁርጡን እነግርሻለሁ አልኳት።

ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት ገባ፣ ከሰዓት
ደረስን! ከደመና በላይ ሄድኩ። ውዳሴ ማርያም ደግሜ ጨረስኩ፣ ደመናው አላለቀም። ደምሴ ዓይኑን ጨፍኖ ወንበሩን አንቆ ነው የመጣው፤ አሁን የፈራው መንዜው ነው እያለ ያወራል። አስተርጓሚያችን ሄኖክ፣ እዚህ የሚማር የደ/ብርሃን ልጅ፣ አባባ ይለኛል። ጿሚ መሆኔን ነገርኩት። ከባሕር የሚታጨድ ቅጠል በሾርባ አመጣልኝ። ለካ ባሕርም ጎመን አለው! ጨው ጨው ይላል። አስደገምኩ።

ኅዳር 17፣ ጠዋት
ባሕሩን አየሁት። ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ያን ሁሉ ያደረገ አይመስልም። ዳርቻው ባዶ ሜዳ። ከላይ ግን ማሽን ኮረብታ ይደለድላል፣ ቤት ይቆማል፣ ሰው ይሯሯጣል። ልቤ ተነሣች። ቤተ መቅደሳቸው እንደኛ ደብር ከከፍታው ላይ ነው፣ ውሃው አልነካውም። ወደዚያ የሮጠ ተረፈ አሉ። እኔስ ወደየት ነው የምሮጠው?

ኅዳር 19፣ ቅ/ገብርኤል
 አቶ ሳቶ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ቤቴን ላሳያችሁ አሉ። ሄድን። ቤት የለም። የሲሚንቶ ወለል ብቻ። መጥረጊያቸውን አንስተው ይጠርጉ ጀመር። ዘወትር ጠዋት እንዲህ ናቸው አለ ሄኖክ። ሚስታቸውን ውሃው ወስዷቸዋል፤ አስከሬናቸው እንኳ አልተገኘም። እኔ እግዜር ያጽናዎ ልላቸው ቀጥ ብዬ ወለሉ ላይ ወጣሁ። ሽማግሌው አንድ ነገር ተናገሩ። ሄኖክ አፈረ።

«አባባ፣ የገቡት በግድግዳ ነው። በበሩ ይግቡ እያሉ ነው።»

መንዜ ቤት የሚገባው ግድግዳ በስቶ ነው አለ ደምሴ። ሲተረጎምላቸው እሳቸውም ሳቁ። ዞርኩ። በሩ የነበረበት ቦታ ጫማቸው ተቀምጧል። የኔንም አወለቅኩ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን። ገባሁ። ማድ ቤቱን በእጃቸው አሳዩኝ፣ ሚስታቸው የሚቀመጡበትን። ምንም የለም። ሁሉም አለ።

ታዲያ ለምን እዚሁ ቤት አይሠሩም? ብዬ አስጠየቅሁ። እሠራለሁ እንዲሉኝ ነው የፈለግሁት፣ አልዋሽሽም ደብተሬ። እሳቸው ወደ ኮረብታው ጠቆሙ።

«የማድረው እዚያ ነው። እዚህ አድሬ እኔም ከሞትኩ ማን ይጠርግላታል?»

ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም፣ ማለዳ
በሄኖክ ስልክ ለብርቄ ደወልኩ። ላይኛው ሜዳ ላይ መሠረት አስቆፍሪ አልኳት።  አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ፣ ጃፓኖቹ ምን አብልተውህ ነው አባዬ? የባሕር ጎመን አልኳት። ቆርቆሮውን አውርዱ፣ እንጨቱን ውሰዱ፤ በሩ ግን ከነመቃኑ ይቆይ፣ መደቡም አይነካ። በጋ በጋውን እየወረድኩ እጠርጋለሁ። ክረምት አትወርድም አለች፣ በማርያም አስማለችኝ። ማልኩላት።

ቀለል ብሎኛል፤ እንደ ልጅ ዝለል ዝለል ይለኛል። ደምሴ መኪናው ሊሄድ ነው እያለ ይጣራል። ዛሬም አቶ ሳቶ ጋ ነን። በበሩ ነው የምገባው። ሁለተኛ መጥረጊያ ካላቸው አብሬያቸው እጠርጋለሁ።